ምዕራፍ ሰባት፦ ሦስት ማርሽ እንዴት ስድስት ይሆናል

አሮጌ የእንግሊዝ ብስክሌት እጃችሁ ከገባ ከሁሉ አስቀድማችሁ የኋላ ጎማውን እምብርት በጨርቅ ጥረጉ። መካኒኮች ሞዞ የሚሉት፣ ራጂዎቹ ሁሉ የሚነሡበት ወፍራም ብረት ነው። ግሪስና አቧራ ተጋግሮ ከሸፈነው ሥር ስተርሚ-አርቸር የሚል ስም፣ አጠገቡም ኤ እና ደብሊው የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች፣ ቀጥሎም ባለሁለት አኃዝ ቁጥር ብቅ ይላል። ቁጥሩ የሞዞው የልደት ዓመት ነው። እኔ የሠራሁበት ጥቁር ራሌይ ብስክሌት ሞዞ 64 ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠርቷል ማለት ነው። በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ሌሎች ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሞዞ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጠጥቶ ስታዞሩት ያን የታወቀ ቀስ ያለ ጠቅ ጠቅታውን ያሰማል፤ ጥርሶቹም አልተበሉም። ከዚህ ወዲያ እንዲህ ያለውን ዕቃ ፈትቶ መጣል ለእኔ የማይዋጥልኝ ነገር ነው።

ሆኖም ይህን ብስክሌት ለብዙ ጊዜ የነዳ ሰው ሁሉ አንድ ቅሬታ ያድርበታል፤ ማርሾቹ ተራርቀዋል። ደብሊው የምትለዋ ፊደል ራሷ «ሰፊ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የቆመች ናት። ስፋቱ ምን ያህል እንደሆነ እግር በደንብ ያውቀዋል፤ በቁጥር ስናየው ደግሞ ምክንያቱ ይገለጣል።

ከቁጥሩ በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ብስክሌቱ የእንግሊዝ ቢሆንም እኛ የምንጠራበት ቋንቋ ከጣልያን የመጣ ነው። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቮ ሁሉም በጣልያን ጋራዦች በኩል ገብተው የእኛ ሆነዋል። ስለዚህ እኔም ከመኪና ዲፈረንሻል ሁለት ቃል እዋሳለሁ፤ ከፔዳሉ ጋር የምትዞረውን ትልቋን ባለጥርስ ክብ ኮሮና፣ የኋላ ጎማው ላይ ያለችውን ትንሿን ፒኞን እላለሁ። ሰንሰለቱ የሚዞረው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

የእኔ ብስክሌት ኮሮና 46 ጥርስ፣ ፒኞኑ 18 ጥርስ ነበረው። በመካከለኛው ማርሽ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላ ጎማው 46 ሲካፈል ለ18፣ ማለትም 2.56 ጊዜ ይዞራል። የዚህ ዓይነቱ ባለ26 ኢንች ጎማ ዙሪያው 2.07 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አንድ የፔዳል ዙር 5.29 ሜትር ያስኬዳል። ቀላሉ ማርሽ ይህን በሩብ ቀንሶ 3.97 ሜትር ያደርገዋል። ከባዱ ደግሞ በሲሶ ጨምሮ 7.05 ሜትር ያደርሰዋል።

አሁን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ነው እንበል። በመካከለኛው ማርሽ እግራችሁ በደቂቃ 63 ጊዜ ይዞራል። ደኅና ነው። ትንሽ ነፋስ ከፊት መጣ፣ ወይም መንገዱ ለዓይን በማይታይ መጠን ሽቅብ አለ። ጭኑ ከበደው። ወደ ቀላሉ ማርሽ ትቀይራላችሁ፤ ያን ጊዜ ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅ እግር 84 ጊዜ መሽከርከር አለበት፤ ከኮርቻው ላይ መንጠር ትጀምራላችሁ። ከባዱን ብትሞክሩ 47 ጊዜ ብቻ ነው፤ ጉልበት የሚሰብር ነው። እግር የፈለገው 70 ወይም 75 ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ማርሽ የለም። ቀኑን ሙሉ የምትነዱት ወይ አንድ ደረጃ ከሚመቻችሁ በላይ ወይ አንድ ደረጃ ከሚመቻችሁ በታች ሆናችሁ ነው።

ይህ ክፍተት በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ሞዞው ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቁጥር ነው የወሰነው። ስለዚህ ከመነካካታችን በፊት ውስጡን ማየት ግድ ይለናል።

የሞዞው ታሪክ በሰው ስም ላይ የተፈጸመ አንድ በደል አለበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ራሌይ የተባለውን የብስክሌት ኩባንያ የሚመራው ፍራንክ ባውደን ሦስት ፍጥነት ያለው የኋላ ሞዞ ይፈልግ ነበር። ሄንሪ ስተርሚ የሚባል የብስክሌት ጋዜጠኛ አንድ ንድፍ ነበረው። ሌላው፣ ወደ ገበያ ለወጣው ሞዞ መሠረት የሆነው ንድፍ ደግሞ የዊልያም ሪሊ ነበር። ሪሊ ግን ቀደም ሲል ለሠራው የሁለት ፍጥነት ሞዞ ከሌላ ኩባንያ ጋር ውል ስለነበረው አዲሱን በስሙ ማስመዝገብ አልቻለም፤ የባለቤትነት መብቱ በባልደረባው በጄምስ አርቸር ስም ተመዘገበ። ሞዞው በ1902 እና በ1903 መካከል ሲወለድ የጋዜጠኛውና የባልደረባው ስም ተጣምሮ ተጻፈበት። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በሪሊ አሳብ ላይ ተቀምጠው ሲነዱ ስሙን አንድም ቀን አላነበቡትም። እኔ ይህን ሞዞ በከፈትኩ ቁጥር ስሙን አነሣለሁ፤ ሊነሣለትም የሚገባ ይመስለኛል።

ኤ.ደብሊው የተባለው ዓይነት የወጣው በ1936 ነው። የእንግሊዙ ፋብሪካ በ2000 ሲዘጋ የታይዋኑ ሰንሬስ ገዝቶት ሥራው ወደዚያ ተሻገረ፤ ዘሩ እስከ ዛሬ ይመረታል።

ውስጡ እንዲህ ነው። መሃል ዘንጉ ላይ 20 ጥርስ ያለው ክብ ተቀርጿል። ይህ ከዘንጉ ጋር አንድ ስለሆነ ፈጽሞ አይዞርም፤ ፀሐይ ይሉታል። ዙሪያውን እያንዳንዳቸው 20 ጥርስ ያላቸው አራት ትናንሽ ክቦች ይዞሩታል፤ እነርሱ ፕላኔቶች ናቸው፤ በአንድ ተሸካሚ ቤት ውስጥ ተደርድረዋል። ሁሉንም ከውጭ የሚያቅፋቸው ጥርሱ ወደ ውስጥ የዞረ ባለ60 ጥርስ ቀለበት ነው። 60 መሆኑ ግድ ነው፤ በአንድ በኩል ፕላኔት፣ መሃል ላይ ፀሐይ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ፕላኔት ተደርድረው 20፣ 20፣ 20 ሲደመሩ ቀለበቱን ይሞላሉ።

ቀለበቱን አንድ ዙር ብታዞሩት ፕላኔቶቹ በቆመችው ፀሐይ ላይ እየተንከባለሉ ተሸካሚያቸውን ይጎትቱታል፤ ተሸካሚው ግን ሙሉ ዙር አይደርስም። 60 ሲካፈል ለ80፣ ማለትም ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ ይሄዳል። ይህ ቀላሉ ማርሽ ነው። ነገሩን ገልብጣችሁ ተሸካሚውን አንድ ዙር ብታዞሩት ቀለበቱ አንድ ዙር ከሲሶ ይዞራል፤ ይህ ከባዱ ነው። በመካከለኛው ማርሽ ፒኞኑ፣ ቀለበቱና የሞዞው ቅርፊት አብረው አንድ ለአንድ ስለሚዞሩ ጥርሶቹ ጉልበት አይሸከሙም። መስቀል ቅርጽ ያለው አንድ ማያያዣ ዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ የትኛው የትኛውን እንደሚነዳ ይመርጣል። ማያያዣውን የሚስበው ከዘንጉ ጫፍ የምትወጣው ያቺ ቀጭን ሰንሰለት፣ እርሷን ደግሞ መሪው ላይ ካለው መቀየሪያ የሚመጣው ካቮ ነው። ካቮው ሲላላ ከባድ፣ ሲወጠር ቀላል።

እንግዲህ ሞዞው የሚያደርገው ማባዛት ነው። የገባለትን ነገር በ0.75፣ በ1 ወይም በ1.33 ያባዛል። ምን እንደገባለት አይጠይቅም። የገባለት ዙር ከባለ18 ጥርስ ፒኞን ይምጣ ከባለ22፣ ለእርሱ ያው ነው። መፍትሔው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሞዞውን ሳንነካ ሰንሰለቱ ከሁለት ፒኞኖች በአንዱ ላይ እንዲያርፍ ብናደርግ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት ይሆናል።

የትኞቹ ሁለት ፒኞኖች? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እጁ ላይ የተገኘውን ትልቅ ፒኞን ከአሮጌው አጠገብ ያስገባና ስድስት ማርሽ አገኘሁ ይላል። 18 ላይ ባለ24 ጥርስ ጨመርን እንበል። 46 ለ18 በመካከለኛው ማርሽ 2.56 ነው፤ በቀላሉ ማርሽ በ0.75 ሲባዛ 1.92 ይሆናል። 46 ለ24 በመካከለኛው ማርሽ ስንት ነው? 1.92። ያው ነው! 24 ለ18 ሲካፈል በትክክል 1.33 ስለሚሆን የፒኞኖቹ ልዩነትና የሞዞው ልዩነት አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃሉ። ስድስት ተብሎ የተሠራው ሲቆጠር አራት ብቻ ይወጣዋል። ሰውየው ገንዘቡንም ቅዳሜውንም አጥፍቶ ያገኘው ከታች በኩል አንድ ተጨማሪ ማርሽ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ክፍተት እንዳለ ነው።

የማርሽ ርቀት በመደመር አይለካም፤ በማባዛት ነው። ማሲንቆ የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የክሩን ርዝመት በጣት ይዛችሁ ሦስት አራተኛው ብቻ እንዲነዝር ብታደርጉ ንዝረቱ በአንድ ሲሶ ይፈጥናል፤ ከዚያ ደግሞ ያንኑ እርምጃ ወደ ላይ መድገም ከፈለጋችሁ የምትቆርጡት ከመጀመሪያው ርዝመት ሳይሆን ከቀረው ላይ ሩቡን ነው። የኤ.ደብሊው ሞዞ አንድ እርምጃ ከማሲንቆው ከዚህ እርምጃ ጋር እኩል ነው፤ አራት ለሦስት። እኛ የምንፈልገው ይህን እርምጃ በትክክል መሃሉ ላይ የሚከፍል ቁጥር ነው፤ በራሱ ሲባዛ 1.33 የሚሰጥ። እርሱም 1.155 ነው።

አሁን ባለ19 እና ባለ22 ጥርስ ፒኞኖችን ውሰዱ። 22 ሲካፈል ለ19፣ 1.158። ከምንፈልገው ጋር በጣም ይቀራረባል። በባለ46 ጥርስ ኮሮና አንድ የፔዳል ዙር የሚያስኬደው ርቀት ከቀላሉ ጀምሮ 3.25፣ 3.76፣ 4.33፣ 5.01፣ 5.77 እና 6.68 ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ ከፊተኛው 15 ከመቶ ገደማ ይበልጣል፤ አንዱም በሌላው ላይ አይደረብም። ወደዚያው የ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ ስንመለስ እግራችሁ በደቂቃ 89፣ 77፣ 67 ወይም 58 ጊዜ መዞር ይችላል። ያ የጠፋው 70 እና 75 አካባቢ አሁን ቤት አለው።

ባለፋብሪካዎቹም ይህ መጠን ለእግር እንደሚስማማ ያውቁ ነበር። ስተርሚ-አርቸር ኤ.ኤም የሚባል ሌላ ባለሦስት ማርሽ ሞዞ ሠርቶ ነበር፤ የእርሱ እርምጃ 15.55 ከመቶ ነው። ለመንገድ ነጂዎች የታሰበ ምርጥ ሞዞ ነበር፤ ነገር ግን እርምጃው ሲጠብ ጠቅላላ ስፋቱም ጠበበ። ሁለት ፒኞን ያለው ኤ.ደብሊው የኤ.ኤምን እርምጃና የራሱን ስፋት አንድ ላይ ይይዛል።

አሳቡ የእኔ ግኝት አይደለም። በርሚንግሃም የነበረው የሳይክሎ ኩባንያ ለስተርሚ-አርቸር ሞዞ የሚሆኑ ሁለትና ሦስት ፒኞኖችን ከሰንሰለት አሻጋሪ ጋር እያዘጋጀ ለነጂዎች ይሸጥ ነበር። ዛሬም ብሮምፕተን የሚባለው የለንደን ተጣጣፊ ብስክሌት ባለስድስት ማርሽ ሲሆን በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ 0.64፣ 1 እና 1.57 የሚያባዛ ሞዞ ላይ ባለ13 እና ባለ16 ጥርስ ፒኞኖች ተቀምጠዋል። 1.57ን እኩል የሚከፍለው 1.25 ነው፤ 16 ለ13 ደግሞ 1.23። የሠራው ሰው ስሌቱን ሠርቷል። ኤስራም የተባለው ኩባንያ ዱዋልድራይቭ በሚለው ምርቱ ባለሦስት ማርሽ ሞዞ ላይ እስከ ዘጠኝ ፒኞን ደርድሮ 27 አድርሶታል፤ ለእኔ ግን ከስድስቱ በላይ ያለው ትርፍ ነው።

ወደ እጅ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ብስክሌቱ ወደ ኋላ ሲረግጡት ፍሬን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። ሰንሰለት አሻጋሪው ሰንሰለቱን በሞላ ከሥር እየወጠረ ነው የሚኖረው፤ ወደ ኋላ የተረገጠ ፔዳል የሚስበው ያንን የታችኛውን ክፍል ስለሆነ አሻጋሪውን ይሰባብረዋል። የእጅ ፍሬን ያለው ብስክሌት ብቻ ነው ለዚህ የሚሆነው።

ቀጥሎ ፒኞኑ እንዴት እንደተያዘ እዩ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት በተሠሩት ሞዞዎች ላይ ፒኞኑ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተጠምዝዞ የገባ ነው፤ ለእነርሱ ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ፒኞኑ በሦስት ጉጦች ተሰክቶ አንድ ክፍት የሞላ ቀለበት ያግደዋል። ቀለበቱን በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ፈልቅቁት፤ ስትፈለቅቁ በጨርቅ ሸፍኑት፤ ተፈናጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ከሥሩ የሚወጡት አንድ ፒኞንና ሁለት ሮንዴላዎች ናቸው። ፒኞኑ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ሮንዴላዎቹ እያንዳንዳቸው 1.6 ሚሊ ሜትር፤ በድምሩ 6.4። ይህ ያለን ቦታ ሁሉ ነው። 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ፒኞኖች 4.8 ይሆናሉ፤ አንድ ሮንዴላ ሲጨመር 6.4 ይሞላል። ቀለበቱ ወደ ቦታው ጠቅ ብሎ ይመለሳል። ይህን ስሌት መጀመሪያ በወረቀት ላይ ሠርቼ በኋላ ብረቱ እንዲሁ ሲገጥም ሳይ የተሰማኝ ደስታ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ታዲያ ሁለቱ ፒኞኖች እንዲህ ተጠባብቀው ሰንሰለቱ በመካከላቸው እንዴት ያልፋል? የስተርሚ-አርቸር ፒኞን ጠፍጣፋ አይደለም፤ እንደ ጥልቀት የሌለው ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው። ባለ22ቱ ጥርሱ ወደ ራጂው፣ ባለ19ኙ ጥርሱ ወደ ውጭ እንዲያጋድል ጀርባ ለጀርባ ሲቀመጡ መሃላቸው ተጣብቆ ጠርዛቸው ይራራቃል። ስትገዙ እንግዲህ ጠፍጣፋውን ሳይሆን ጎድጓዳውን ምረጡ። ትልቁ ፒኞን የሞዞውን የአቧራ ክዳን እየነካ እንዳይሆን በእጅ አዙራችሁ አረጋግጡ።

ሰንሰለቱም ይቀየራል። የድሮው ሰንሰለት ውስጡ 3.2 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በአሻጋሪ የሚሠራው ግን 2.4 ነው። የአንዱ ጥርስና የቀጣዩ ርቀት በሁለቱም 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በርዝመት ይግባባሉ፤ ችግሩ የኮሮናው ጥርስ ውፍረት ነው። በካሊፐር ለኩት። ቀጭኑ ሰንሰለት ካልገባበት ወይ ቀጭን ኮሮና መፈለግ ነው፤ ወይ የጥርሱን ጎንና ጎን በሞረድ በትዕግሥት ማሳሳት። እኔ መቀየሩን እመርጣለሁ። የተሞረደ ብረት አይመለስም።

አሻጋሪው ማንኛውም ርካሽ አሮጌ ዕቃ ቢሆን ይበቃል፤ ሦስት ጥርስ ልዩነት ለማንኛቸውም ጨዋታ ነው። በድሮው ቴላዮ፣ ማለትም በብስክሌቱ አጽም ላይ፣ ማንጠልጠያ ስለሌለ ዘንጉ ላይ ከዳዶው ሥር የሚታሰር የብረት ጆሮ ያስፈልገዋል። ይህ ጆሮ ውፍረት አለው፤ ስለዚህ የሞዞው ዘንግ ርዝመት ወሳኝ ይሆናል። ኤ.ደብሊው በሁለት ርዝመት ይመጣል፤ 146 እና 159 ሚሊ ሜትር። አጭሩ ላይ ዳዶው የሚይዘው ጥርስ ስለሚያንስ ረጅሙ ይሻላል። ዘንጉ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ቸርኬውም ከመሃል ይወጣል፤ ራጂዎቹን በአንድ በኩል ጠበቅ፣ በሌላው ላላ እያደረጋችሁ መልሳችሁ አማክሉት። የአሻጋሪው መቀየሪያ ጠቅ ጠቅ የሚል ደረጃ ያለው ባይሆን ይመረጣል፤ ተንሸራቶ በፈለጋችሁበት የሚቆመው ዓይነት ለሁለት ፒኞን ፍጹም ተስማሚ ነው።

አንድ ትንሽ ዕቃ ላይ ግን ድርድር የለም። ከዘንጉ ጋር የሚመጡት ጥርስ ያላቸው ሮንዴላዎች፣ ዘንጉ እንዳይዞር ቴላዮው ላይ የሚነክሱት፣ መልሰው መግባት አለባቸው። ፀሐይዋ ከዘንጉ ጋር አንድ ናት ብያለሁ። በቀላሉ ማርሽ ስትረግጡ ፕላኔቶቹ እርሷን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በከባዱ ማርሽ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ሊያዞሯት ይገፋሉ። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ይወዘወዛል ማለት ነው፤ ዳዶ ብቻውን ይህን አይችልም፤ ቀስ በቀስ ይፈታል። በዚሁ ምክንያት ኮሮናው ከትልቁ ፒኞን ጥርስ እጥፍ በታች እንዳይሆን ተጠንቀቁ። 46 ለ22 ሁለት እጥፍን በጥቂት ያልፋል፤ ከዚያ ወርዶ ሞዞውን ማስጨነቅ ጥርሱን ማስበላት ነው።

እኔ ያጠፋሁት ሌላ ነገር ነበር። ሁሉን ገጥሜ፣ ሰንሰለቱ ከ19 ወደ 22 በቀስታ ሲሻገር አይቼ፣ ለሙከራ ወጣሁ። አንድ ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጥ ፔዳሉ በድንገት ባዶ ሆነ፤ እግሬ ወደ ታች ወረደ፣ ደረቴ መሪውን መታው። በኤ.ደብሊው ሞዞ ውስጥ በመካከለኛውና በከባዱ ማርሽ መካከል ማያያዣው ምንም የማይነካበት ክፍተት አለ። ካቮው በልኩ ካልተወጠረ ማያያዣው በዚያ ክፍተት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ጉልበት ሲበዛበት ያመልጣል። እኔ የብረቱን ጆሮ ስጨምር ዘንጉን ገፍቼዋለሁ፤ ካቮውን ግን እንደገና አላስተካከልኩም። ማስተካከሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መቀየሪያውን መካከለኛው ላይ አድርጋችሁ በቀኙ ዳዶ መስኮት በኩል ተመልከቱ፤ የትንሿ ሰንሰለት ዘንግ ጫፍ ከመሃል ዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከገባ ካቮውን መወጠር፣ ከወጣ ማላላት። ጎማው በተፈታ ቁጥር ይህን ሳታዩ ኮርቻ ላይ አትውጡ።

መንዳቱ ትንሽ ልምምድ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ሁለቱ መቀየሪያዎች የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው። ሞዞው እግር እንዲያርፍለት ይፈልጋል፤ ለአንድ ቅጽበት መርገጥ ትተዋላችሁ፣ ትቀይራላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። ቆማችሁም መቀየር ትችላላችሁ። አሻጋሪው ደግሞ ሰንሰለቱ እየሄደ ካልሆነ አይሻገርም፤ እግር መዞሩን ሳያቆም ለስለስ ማለት አለበት። ስድስቱን በተራ እንውጣ ካልን ደግሞ አንዱ እርምጃ ቀላል፣ ቀጣዩ ድርብ ይሆናል፤ ከ3.76 ሜትሩ ወደ 4.33 ለመሄድ ሞዞውን ከፍ፣ ፒኞኑን ወደ 22 መመለስ ይጠይቃል፤ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ። በሥራ ላይ ማንም እንዲህ አይነዳም። መንገዱ ሲለወጥ ሞዞውን፣ ነፋሱ ሲለወጥ ፒኞኑን እቀይራለሁ። ከሳምንት በኋላ እጅ ሳያስብ ያደርገዋል።

ይህ ማሻሻያ ለማን ይሆናል? ሐቁን መናገር አለብኝ። ዝቅተኛው ማርሽ 3.25 ሜትር ነው፤ አሮጌውና ከባዱ ብረት ላይ ተቀምጦ እንጦጦን ለመውጣት አይበቃም። ለዚያ ሌላ ብስክሌት ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ዓይነት ከተማ ግን፣ መንገዱ ሜዳ፣ ብስክሌቱ የዕለት ተዕለት ኑሮ፣ ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ደግሞ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ በሆነበት አገር፣ እነዚህ ጠበብ ያሉ እርምጃዎች የሚገባቸውን ክብር ያገኛሉ። ሜዳ ላይ የሚያደክመው ሽቅብ አይደለም፤ ረጅም መንገድ ባልተስማማ ማርሽ መርገጥ ነው። ከፍተኛው ማርሽ ከ7.05 ወደ 6.68 ሜትር በመውረዱ ያዘነ ነጂ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ያ የመጀመሪያው ከባድ ማርሽ ቁልቁለት ላይ ካልሆነ ብዙም አይነካም ነበር።

ሌላው መንገድ፣ ብዙዎች የሚመክሩት፣ የኋላውን ጎማ በሙሉ አውጥቶ ሰባት ወይም ስምንት ፒኞን ያለው አዲስ ጎማ ማስገባት ነው። አዲሱ ጎማ ሰፊ ስለሆነ የቴላዮው የኋላ እግሮች በጉልበት ይፈለቀቃሉ። ይሠራል፤ አልክድም። ግን አንዴ የተፈለቀቀ ቴላዮ ወደ ቀድሞ ቅርጹ በትክክል አይመለስም፤ ሞዞውም ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር ይሄዳል። በእኔ ብስክሌት ላይ ግን ምንም አልተቆረጠም፣ ምንም አልተበሳም፣ ምንም አልተፈለቀቀም። አሮጌው ባለ18 ጥርስ ፒኞን፣ ተርፋ የቀረችው አንዷ ሮንዴላ፣ አሮጌው ኮሮናና ወፍራሙ ሰንሰለት ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልለው በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉ። ክዳኑ ላይ በቀለም 64 ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ከሥሩም በምን ቅደም ተከተል እንደሚመለሱ፦ ፒኞን፣ ሮንዴላ፣ ሮንዴላ፣ ቀለበት።